በግድ ያቆምኩት ምዝገባ
መርሳ ላይ ገበሬው ለምርጥ ዘር የሚመዘገብበትን ድረ ገጽ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ገጹ ተንቀራፈፈብኝና ከጀርባው የሚሠራውን ፕሮግራም አጥፍቼ ላስነሳው አሰብኩ። በወጉ ቁም ሲሉት የጀመረውን ሰው መዝግቦ ነው የሚቆመው፤ ትንሽ መጠበቅ ይፈልጋል። እኔ ግን ቸኮልኩና በግድ አቆምኩት።

በሳምንቱ አንዲት እናት ግራና ከሚባለው አካባቢ መጡ። "ልጄ፣ የቀበሌያችን ሠራተኛ ስሜን ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ አሁን የለሽም ይሉኛል" አሉኝ። ኮምፒውተሩን ስፈትሽ የሳቸው ምዝገባ የተቋረጠው እኔ ፕሮግራሙን ባቆምኩባት ደቂቃ ነው።

"ምዝገባው ተዘግቷል፣ እማማ" አልኳቸው።

"እንግዲህ አላህ ካላለው ምን ይደረጋል? አንተ ምን አጠፋህ!" ብለው መረቁኝ።

የኔን ጥፋት ለአላህ ሰጥተው ሄዱ።