ቢምቢ ቀላቢዋን ስንሸኝ

ወዳጆቼ፣ የራሴን የጡረታ ሽኝት ኬክ በልቼ በሳምንቱ በኮንትራት የተመለስኩ ሽማግሌ ስለ ስንብት ልናገር ስነሳ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ቢሆንም ዛሬ በጡረታ የምንሸኛትን፣ «እመት ቅጠል» የምንላትን እህታችንን ከኔ በላይ የሚያውቃት ማን አለ?

ወደዚህ ላቦራቶሪ የመጣች ቀን ሁለት ጆንያ ደረቅ ቅጠል ተሸክማ ነበር። ዘበኛው «እህቴ፣ ተሳስተሻል፤ እዚህ ከብት አናረባም» ቢላት፣ «ለከብት አይደለም፣ ለቢምቢ ነው» አለችው። ሮጦ መጣና፣ «ጋሼ፣ አንዲት ሴትዮ ቢምቢ ልትቀልብ መጥታለች። ላስገባት ወይስ ሐኪም ልጥራ?» አለኝ። «አስገባት፤ ሐኪሙ ለሁላችንም ይሆናል» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ኮሪደራችን የበሰበሰ ቅጠል ሳይሸት የዋለበት ቀን የለም። ሁለት ዓይነት የቢምቢ እጮች፣ ትኩሳት አስተላላፊዋና እንቅልፍ ነሺዋ፣ በአንድ ባልዲ ውስጥ ምግብ ሲሻሙ የትኛዋ ታሸንፋለች ስንላት መልሷ አንድ ነው፤ «በየትኛው ቅጠል?» ቶሎ የሚበሰብሰው ሁለቱንም ያጠግባል። ቶሎ የማይበሰብሰው ጠንካራ ቅጠል ሲሆን ግን ትኩሳት አስተላላፊዋ ሌላዋን በረሃብ ትጨርሳታለች። ሰውንም የምትመዝነው እንዲሁ ነው። «አዲሱ ሠራተኛ ይበረታ ይሆን?» ብላት፣ «እንደምታበሉት ነዋ!» አለችኝ።

አሁን ቀልዱን ልተው። የቢምቢ ትኩሳት ሰፈሩን በፈጀበት ዓመት ታናሽ ወንድሟን ቀበረች። ወደ ሥራ በተመለሰች ዕለት፣ በወንድሟ ደጅ ከነበረው በርሜል ያወጣችውን ጠንካራ ቅጠል ስትመዝን አገኘኋት። «ምነው እህቴ፣ ትንሽ ብታርፊ?» አልኳት። «ጋሼ፣ ውሃውን ሁሉም አይቶታል። ቅጠሉን ያየ የለም» አለችኝ። ሰፈሩ ቅጠሉ ቢምቢ ይቀልባል ሲባል ሰምቶ ዛፎቹን ካልቆረጥን ብሎ ሲነሳም በየደጁ እየዞረች፣ «ዛፉን ተዉት፤ በርሜሉን ክደኑ፣ አሸንዳውን ጥረጉ» ያለች እሷ ናት። ዛሬ ልጆቻችን የሚጫወቱበት ጥላ የሷ ነው።

ትናንት ጓሮ ባልዲዎቿ አጠገብ ቆማ አየኋት። የመጨረሻው ሙከራ አላለቀም፤ አለቃችን ደግሞ ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ይፈልጉታል። «ከነገ ጀምሮ ቅጠል ማን ይጨምርላቸዋል?» አለችኝ። ማታውኑ ለሁላችሁም ደወልኩ።

መልሱ ይኸው። እህቴ፣ ባልዲዎችሽ ካሉበት አይነሱም። ተራ ገብተን እኛ እንቀልባቸዋለን፤ መኪናችንንም ሁላችን ውጭ መንገድ ላይ እናቆማለን። አለቃም ተስማምተዋል፤ ካልተስማሙም የመኪናቸው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። እህቴ፣ ወንድምሽን መመለስ አልቻልሽም፤ የስንቱን ወንድም ግን ለቤቱ አቆየሽ። ቢምቢ ሳትፈሪ መስኮትሽን ከፍተሽ የምትተኚበት ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ።