የሐዲያ ሦስት ማቆሚያዎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ከተማ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ሰው ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ እርማት የምሰጠው አላጣም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ያገኘሁት ተማሪዬን ሳይሆን ጎረቤቴን ኑርዬን ነበር። ኑርዬ ዓሣ ነጋዴ ነው፤ ሲሄድ መሬት የማይጎዳ ዝግተኛ ሰው ነው። ያን ዕለት ሽርጡን ሰብስቦ ሲከንፍ አየሁት።

«አሰላሙ አለይኩም ኑርዬ፤ ምነው በደህና ነው?» አልኩት።

«ወአለይኩም ሰላም መምህር ማዕረግ። ደህናስ አይደለም። ወደ ሽማግሎቹ መሄዴ ነው፤ ሐዲያን ልፈታ ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት አብራህ የኖረች ሚስት ሻይ ሳይጠጣ አትፈታም። ቁጭ በል።»

ሳይወድ ተቀመጠ። ወዲያው ልጁ ኢቲሳም እያለከለከች ደረሰች። ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ለእረፍት የመጣች ልጅ ናት። ሰላም ብላኝ ከአባቷ ትይዩ ቆመች።

«ይቺው ናት ጉዱን ያመጣችው» አለ ኑርዬ ወደ እሷ እያየ። «ያንን ባጃጅ መጥሪያ አፕ እናቷ ስልክ ላይ ጫነችላት። ትናንት ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ከፈትኩት። መንገዷ ሁሉ ተዘርዝሯል። ከቤት ትነሳለች፤ ሐቢብ ቤት ትቆማለች፤ ጤና ጣቢያ ትቆማለች፤ ተመልሳ ደግሞ ሐቢብ ቤት። ማክሰኞም ቅዳሜም፣ ሁለት ወር ሙሉ!»

«ጤና ጣቢያስ ምን ልታደርግ ትሄዳለች?»

«ሽፋን ነዋ፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

ቅናት እንዲህ ነው፤ መልሱን ፊት ለፊት አስቀምጠውለት ይረግጠዋል። አልፈርድበትም። እኔ ራሴ በጉብዝናዬ፣ ባለቤቴ ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሁለት ጊዜ ብትመላለስ ሳምንት ሙሉ ያኮረፍኩ ሰው ነኝ።

ሐቢብን ለማያውቅ ልንገር። ኑርዬ ሲወለድ እናቱ ታማ ወተቷ ነጠፈ። ያኔ የሐቢብ እናት፣ እማ ዘሀራ፣ የራሷን ልጅ በቀኝ፣ ኑርዬን በግራ ይዛ አጠባች። በእኛ አገር የጡት እናት እናት ናት፤ ለዒድ ትጠየቃለች፣ ስትታመም ትታዘላለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ከጎረመሱ በኋላ ግን ሁለቱም ወደ ሐዲያ ቤተሰብ ሽማግሌ ላኩ። ሐዲያ ኑርዬን መረጠች። የሚገርመው፣ ያኮረፈው የተከለከለው ሳይሆን ያገባው ነው። ሐቢብ ሌላ አግብቶ ወለደ፤ ኑርዬ ግን ከዚያ ወዲህ የዚያን ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

«የወለደችኝ እናቴ አንድ ጉዳይ ይዛ ትወጣ ነበር» አለ ኑርዬ። «ያንን ጨርሳ ትመለሳለች። ሦስት ቦታ እየቆሙ መሄድ የደህና ሰው መንገድ አይደለም። ደግሞስ ከማይታወቅ ወንድ ጋር! በፊት የሚወስዳት ደንበኛችን ባለባጃጁ ሙንተሲር ነበር።»

«አባዬ፣ ሙንተሲርም እኮ ወንድ ነው» አለች ኢቲሳም።

ሳቄን በሻዬ ዋጥኩት።

«ቆይ ላስረዳህ» ብላ ቀጠለች። «በፊት እማዬ ባጃጅ ኮንትራት ስትይዝ ሁለተኛው ቦታ ላይ ጠብ ይነሳል። ሾፌሩ ‹ይሄን መች ተነጋገርን› ይላል። አሥር ደቂቃ ጠብቅ ቢሉት ሌላ ሰው ጭኖ ይሄዳል። አንድ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ እስከ ዙህር ሶላት ፀሐይ ላይ ቆማ ቀርታለች። አሁን ግን የምትቆምበትን ሁሉ ሳትነሳ ትሞላለች። ሾፌሩ አውቆ ይመጣል፤ ሂሳቡ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ስሙና ታርጋው ስልኳ ላይ አለ። የት እንደደረሰችም ቤተሰብ ሊያይ ይችላል።»

«ቤተሰብ የሚያየው ከሆነ ለእኔ ለምን አላሳየችኝም?»

ጥያቄው ከባድ ነበር። እኔም ለልጅቱ ፈራሁላት። እሷ ግን «የዚያ ቤት ስም ሲጠራ ምግብህን ጥለህ ስለምትነሳ ነዋ» አለችው።

«መምህር፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።»

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩም ይባላል» አልኩት። «ሽማግሎቹ ምን አየህ ቢሉህ፣ ስልክ አየሁ ልትል ነው? በስልክ ጽሑፍ ቤት አይፈርስም። ሂድና ቤቱን እይ።»

«ዛሬ ቀኗ ነው» አለች ኢቲሳም። «ጠዋት ስትጮህባት አልቅሳ ተኛች። ቀጠሮው እንዳያልፍ ግን እኔን ልካኛለች። አብረን እንሂድ።»

ስልኳን አውጥታ ሦስቱን ቦታዎች ሞላች። ብዙም ሳይቆይ ኢምራን የሚባል ወጣት ሾፌር መጥቶ «ሐቢብ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ሐቢብ ቤት፤ ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኑርዬ ጥርሱን ነክሶ ገባ። እኔም ነገር ከጀመርኩ የማልተው ሰው ነኝና ከሾፌሩ ጎን ተጣብቄ ሄድኩ።

ሐቢብ ደጃፍ ስንደርስ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ በፋሻ ታስሯል፤ ዓይኗም ደክሟል። የባጃጁን ድምፅ ስትሰማ ቀና አለች።

«ሐዲያ፣ መጣሽ?»

ኑርዬ ወርዶ ፊቷ ቆመ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማ። ኑርዬ ነኝ።»

አሮጊቷ እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳሰሰችው። «አልሐምዱሊላህ። ሁልጊዜ ሐዲያን ትልክልኝ የለም ወይ ልጄ፤ ዛሬ ደግሞ ራስህ መጣህ? ‹ኑርዬ ነው የላከኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው› ትለኛለች። ሐቢብ በቅርቡ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ ከነልጆቹ እዚያው ነው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ይሄ የስኳር ቁስል አልድን ብሎኝ፣ አንተ ባትልክልኝ ማን ያደርሰኝ ነበር?»

ኑርዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እማ ዘሀራን አቅፎ ባጃጁ ውስጥ አስገባት። ጤና ጣቢያ ቁስሏ ታጥቦ እስኪታሰር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ኢምራን ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቀን፤ አልተጨቃጨቀም፣ ሌላ ሰውም አልጫነም። መልሰን ከበሯ አወረድናት።

«መምህር» አለኝ ኑርዬ በመመለሻችን፣ «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስቀና እናቴን አጣኋት። ሐዲያ ናት በእኔ ስም የጠየቀችልኝ።»

«አዲስ ነገር ሲመጣ ክፋቱን ለመፈለግ እንቸኩላለን» አልኩት። «ይህ ባጃጅ መጥሪያ በሽተኛን ከደጇ አንስቶ፣ አሳክሞ፣ ከደጇ የሚመልስ ነገር ነው። አቅመ ደካማ ከአንዱ ባጃጅ ወደ ሌላው አይንገላታም፤ ሴትም መንገድ ላይ ከሾፌር ጋር አትጨቃጨቅም። በሰዎች መካከል መተማመን ከሌለ ግን ስልኩ ምን ያደርጋል? ያው የጠብ መነሻ ይሆናል።»

«እውነት ነው። ኢቲሳም፣ በእኔም ስልክ ጫኚልኝ።»

«እማዬን ልትከታተልበት ከሆነ አልጭንም።»

«ማክሰኞ እማን እኔ ልወስዳት ነው፣ ልጄ።»

ቤቱ ስንደርስ ሐዲያ ዓይኗ አብጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ኑርዬ ከባጃጁ ወርዶ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ሐዲያ፣ ቀንቼ ነበር» አላት።

«መቅናትህን መች አጣሁት» አለችው።

«እማ ዘሀራን አየኋት። እኔ እንደምልክሽ ነገረችኝ።»

ሐዲያ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች።

«ሁለት ወር ስዋሽልህ ከረምኩ፤ ደከመኝ» አለችው። «እንግዲህ አንተው እውነት አድርገው።»

እኔም ጎረቤት እንጂ ቤተሰብ አለመሆኔ ትዝ ብሎኝ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።