ዛሬ ጠዋት ስለተነፋው ክላክስ፦ የአቶ ሀብተጊዮርጊስ ካሳሁን ዜና ሕይወት

አስከሬኑን የያዘው ሚኒባስ ዛሬ ጠዋት ከግቢ ሲወጣ ረጅም ክላክስ በመነፋቱ ብዙዎቻችሁ ደንግጣችኋል፤ ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ ያላችሁም እንዳላችሁ ቤተሰቡ ሰምቷል። ዜና ሕይወት እንደ ወጉ የሟችን ደግነት ዘርዝሮ የሚያበቃ ቢሆንም፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን ጥፋታቸውም አብሮ እንዲነበብ አደራ ብለው ስለሄዱ፣ ክላክሱም ከዚያው ጥፋት የመጣ ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው እንድታዳምጡን እንለምናለን።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ ካሳሁንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዘውድ በመስቃን ገጠር በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከደብሩ ቆጥረው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ቡታጅራ ከተማሩ በኋላ፣ ወልቂጤ የሚኖሩ አጎታቸው ወስደዋቸው በጅማ መንገድ ዳር ከነበረ ጋራዥ ሥራ ገቡ። ከሞተር ይልቅ የኤሌክትሪኩን ሥራ የመረጡበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ ሽቦ ልብስ አያቆሽሽም ይሉ ነበር፤ ባለቤታቸው ግን ልብሳቸውን ያጠቡት እርሳቸው ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ የተለየ አስተያየት አላቸው።

በ1976 ዓ.ም. የእምድብሯን ወይዘሮ ወርቅውሃን አግብተው ወደ ቡታጅራ ተመለሱ፤ ዛሬ ብዙዎቻችሁ መኪና ያሠራችሁበትን ግቢም ከፈቱ። እዚያም ፍቅርአዲስንና ይታገሱን ወልደው፣ አስተምረውና ድረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ሥራቸውን ለማታውቁ ጥቂት መናገር ግድ ይላል። በመኪና ውስጥ ሪሌ የሚባል፣ ከክብሪት ሳጥን የሚያንስ ጥቁር ዕቃ አለ፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያዝዘው ትልቁን ኤሌክትሪክ ሞተሩን ወደሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ ወደ መብራቱ ወይም ወደ ክላክሱ ያሳልፋል። መኪና አልነሣ ሲል ሌላው ሰው መፍቻ ሲያነሣ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሾፌሩን ቁልፉን እንዲያዞር አድርገው፣ ጣታቸውን በየሪሌው ላይ እያሳረፉ ቀጭ የሚለውን ይፈልጉ ነበር። ቀጭ ያለውንም ቢሆን አያምኑትም። ነቅለው ሁለቱን እግሮቹን ከባትሪ ካገናኙ በኋላ፣ በሌሎቹ ሁለቱ በኩል የመፈተሻ አምፖል ያስገባሉ፤ ቀጭ ብሎ አምፖሉ ካልበራ ውስጡ ተቃጥሏል ማለት ነው። “ቀጭ ማለትና ማሳለፍ ይለያያሉ” የሚለውን አባባላቸውን ያልሰማ ደንበኛ የለም።

ጥፋቱ የተፈጸመው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሸምሶ የሚባል፣ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ ከተማ የሚመላለስ ሾፌር ሚኒባሱ አልነሣ ብሎት በገበያ ቀን መጣ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ የሞተሪኖውን ሪሌ ጠርጥረው፣ ቅርጹ አንድ የሆነውን የክላክሱን ሪሌ ነቅለው በቦታው ሲተኩት መኪናው ተነሣ። ይህ ለመፈተሻ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ፈትሾ መመለስ ግን ግድ ነው። ተሳፋሪው ይጮሃል፣ አዲስ ሪሌ ደግሞ በእጃቸው የለም፤ ስለዚህ “ለዛሬ እንዲህ ያድርስህ፣ ክላክስህን ነገ እሠራልሃለሁ” ብለው አሰናበቱት።

በዚያው ቀን ወይዘሮ ከድጄ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ጆንያቸውን ተሸክመው፣ ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው በመንገዱ ጠርዝ ይሄዱ ነበር። ሸምሶ ክላክሱን ቢጫነው፣ ቢጫነው ድምፅ የለም፤ መኪናው ገጫቸው። ወይዘሮ ከድጄ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ግራ እግራቸው ግን እንደነበረ አልተመለሰም።

ሽማግሌዎች በአገሩ ወግ ተቀምጠው ጥፋቱን ለሁለቱ ሊያካፍሉ ሲሞክሩ አቶ ሀብተጊዮርጊስ እምቢ አሉ፤ “የክላክሱን ቤት ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ፣ ሸምሶን ተዉት” አሉ። ካሣውን ከፍለው፣ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ወይዘሮ ከድጄም ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ እንዳደረጉ “አውፍ ብያለሁ” ብለው ይቅርታ ማድረጋቸውን ተናገሩ፤ ነገሩም እዚያ ላይ እንዳበቃ ተቆጠረ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን ለባለቤታቸው ሲናገሩ፣ “ቀጭ ብሏል፤ ማሳለፉን አላወቅሁም” ይሉ ነበር። በየዓመቱ ለአረፋ ቅቤ ይልካሉ፤ ቅቤው ተቀባይ አጥቶ አያውቅም፤ ወይዘሮ ከድጄ ግን በግቢው በር በኩል ማለፍ ሲኖርባቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ማዶው ይሻገሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ግቢ ምንም መኪና ክላክስ ሳይነፋ አይወጣም። ለመብራት የመጣም፣ ለባትሪ የመጣም በሩ ላይ ቆሞ ይነፋል። ጎረቤት ቀበሌ ድረስ ሄዶ ከስሷል። እርሳቸውም ክሱን አዳምጠው፣ ጎረቤቶቹ ልክ መሆናቸውን አምነው፣ ማስነፋታቸውን ቀጥለዋል።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ከአልጋ በዋሉበት ወራት፣ ወይዘሮ ከድጄ ልጃቸው ሙባሪክ በገዛው ሚኒባስ ተቀምጠው በዚያው በር ገቡ። ክላክሱ አይሠራም ነበር። ፍቅርአዲስ አባቷ መታመማቸውን ነግራ፣ ከማዶ ሌላ ባለሙያ እንዳለ ብታመለክታቸው፣ “አያለሁ ልጄ፤ እግሬን ያሳጣኝ እሱ ነው፣ የልጄንም መኪና እሱ ይየው” አሏት።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በዘንግ ተደግፈው ወጡ። ወይዘሮ ከድጄ አይተዋቸው፣ “አንተ ሀብቴ! አሁንማ ሁለታችንም ምርኩዝ ያዝን” አሉ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮፈኖውን አስከፍተው ጣታቸውን ሪሌው ላይ አሳረፉ። ሙባሪክ ሲጫን ቀጭ አለ፤ ነቅለው ሲፈትሹት ግን አምፖሉ አልበራም። ሙባሪክ፣ “ጋሼ፣ እዚህ አጠገቡ አንድ ዓይነት አለ አይደል? እሱን ለዛሬ እናድርገው” ቢላቸው፣ “ከአንዱ ቤት ነቅዬ ሌላውን ቤት መሙላት ትቻለሁ” ብለው አዲስ ሪሌ አስገዙ። እስኪመጣ ሁሉም ጠበቀ። አዲሱንም በአምፖል ፈትሸው ከሰኩት በኋላ ከመሪው ራቅ ብለው ቆሙ። “እትዬ ከድጄ፣ እርስዎ ይጫኑት” አሉ።

ወይዘሮ ከድጄ ተጫኑት፤ ቶሎም አልለቀቁትም። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወደ አልጋቸው ሲመለሱ ለባለቤታቸው የነገሯቸው አንድ ቃል ነው፦ “አሳለፈ።”

አቶ ሀብተጊዮርጊስ በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ትናንት በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ወይዘሮ ወርቅውሃን፣ ልጆቻቸውን ፍቅርአዲስንና ይታገሱን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም መኪና ሠርተው የመለሱላቸውን ሾፌሮች ሁሉ ትተው ሄደዋል።

ዛሬ አስከሬናቸውን ያመጣው የሙባሪክ ሚኒባስ ነው። ከግቢ ሲወጣ ክላክሱን የነፉት ደግሞ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡት፣ አሁንም በቤተ ክርስቲያኑ በር ምርኩዛቸውን ይዘው የቆሙት ወይዘሮ ከድጄ ናቸው፤ ማንም አላዘዛቸውም።

እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለቀረነውም ጥፋታችንን የምንናገርበት ልብ ይስጠን። አሜን።