አራት ሰከንድ የዘገየው ሞገድ

አሁን በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ወደዚህ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ሲመጡ፣ እኛ ለሰላምታ ብድግ ብለናል፤ እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆመው ወለሉን ሁለቴ በእግራቸው ደለቁት። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ መመዝገቢያው ሄዱና መርፌው መነቃነቁን አዩ። "ይሠራል" አሉ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እኔማ ወዲያው ጠረጠርኩ፤ ለጸሐፊያችን "ይሄ ሰውዬ ሊሰልለን የተላከ ነው" አልኳት። አትሳቂ፣ አንቺም አምነሽኝ ነበር!

"ጋሼ እርግጠኛ ነሽ" የሚለውን ስም ያወጣንላቸው በሳምንቱ ነው። ለጉብኝት ለመጡ ተማሪዎች "ከመሬት ቅርፊት በታች ያለው፣ ማንትል የሚባለው ክፍል የቀለጠ ባሕር ነው" ብዬ ሳስረዳ ከኋላዬ መጡ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"መጽሐፉ ላይ በቀይ ነው የተሳለው።"

"ቀለሙን ተይው። ይሄ ጎን ለጎን የሚያወዛውዘው ሞገድ ፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። ታዲያ ማንትሉን አቋርጦ እኛ ጋ እንዴት ደረሰ?"

ተማሪዎቹ ፊት ላብ አጠመቀኝ። ለካ ድንጋይ ነው፤ የጋለ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጣት ብቻ የሚሳብ ድንጋይ።

ዘበኛችን ይመስክር፤ መርፌው በተነሳ ቁጥር "መኪና አልፏል?" ብለው ሳይጠይቁት አንድም የመንቀጥቀጥ መዝገብ ፈርመው አያውቁም። የጡረታ ደብዳቤያቸው ሲመጣማ ዕድሜያቸውን ሦስት ጊዜ አስደመሩኝ። አዝናለሁ ጋሼ፣ ሦስቴም ልክ ነው።

አሁን ቀልዱን ልተወው። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ሞገዶቹ አራት አራት ሰከንድ እየዘገዩ ሲደርሱ አየሁ። የጋለ ድንጋይ ሞገድ ያዘገያል፤ ስለዚህ ከእግራችን ሥር ያለው ማንትል ከሌላው ይልቅ የጋለ ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ትልቅ ግኝት መሰለኝ። ጋሼ ግን አራት ወር ሙሉ አልፈርምም አሉ። ቀንተው ነው አልኩ። በአፌ ብቻ አልቀረም፤ ለያኔው ኃላፊ በጽሑፍ ከሰስኳቸው።

በኋላ የጣቢያው ሰዓት አራት ሰከንድ ቀድሞ ተገኘ። ሞገዱ አልዘገየም፤ ሰዓቱ ነው የቸኮለው! ሰዓቱን በየጠዋቱ ከሬዲዮው ሰዓት ጋር ማስተካከል የማን ሥራ ነበር? የኔ። ኃላፊው ሰብስቦን "ጥፋቱ የማን ነው?" ሲል፣ ጋሼ እጃቸውን አወጡ፤ "የኔ ነው" አሉ። ማስጠንቀቂያው እሳቸው ማህደር ውስጥ ገባ፣ የዚያ ዓመት ዕድገትም አለፋቸው። እኔ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስጠራጠር ኖርኩ። መክሰሴን ያውቃሉ? አያውቁም? "እንደምን አደርሽ" ሲሉኝ እንኳ ድምፃቸውን እመረምር ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ቁልፋቸውን ሲያስረክቡኝ ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ፤ የክስ ደብዳቤዬ ነው።

"ያኔ ኃላፊው ከስብሰባው በፊት ነበር የሰጠኝ" አሉ። "በይ ቅደጂው።"

አልቀደድኩትም፤ ይኸው በእጄ ነው። ጋሼ፣ ቀና ይበሉ እንጂ። ሁላችሁም ስሙ፤ ሰዓቱን ያላስተካከልኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለአሁኑ ኃላፊያችን ሰጥቻለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ከእርስዎ ማህደር ወጥቶ ወደ ራሴ ማህደር እንዲገባ ጠይቄያለሁ። ጋሼ፣ ሥራዬን ያወቅሁት በእርስዎ ነው፤ አመሰግናለሁ። አፍሬያለሁም።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ለጋሼ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሰላም ያለው እንቅልፍ! እናንተ ጠጡ። እኔ እሳቸው ይቅር እስኪሉኝ ድረስ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ እቆማለሁ።