የዕድሩ ድንኳን

ሶዶ ውስጥ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ከስሮ ንብረቱ በሐራጅ ሲሸጥ አበዳሪውን ባንክ ወክዬ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ከማሽኑ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ እስካለው ዕቃ ድረስ ሁሉም በመያዣ የእኛ ነው፤ ከማንም በፊት የምንቀድመውም እኛ ነን። ሐራጁ ሊጀመር ሲል ጥበቃው ጋሽ ዳና ወደ ጎን ሳቡኝ።

«ልጄ፣ መጋዘን ያለው ድንኳን የሠራተኞች ዕድር ነው። ከደሞዛችን አዋጥተን ነው የገዛነው።»

«ደረሰኙ በማን ስም ነው?»

«በፋብሪካው። ዕድራችን ወረቀት የለው፤ ደግሞ ፋብሪካውም ቤታችን ነው ብለን።»

«እንግዲያው እሱም መያዣ ነው» አልኳቸው። ድንኳኑን አንድ የድግስ ዕቃ አከራይ ገዛው።

ክረምት ላይ ጋሽ ዳና አረፉ ሲሉኝ ወደ ቀያቸው ወደ ተበላ ከተማ ወርጄ ለቅሶ ደረስኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ደጃቸው ላይ ያው ድንኳን ተተክሏል፤ የፋብሪካው ስም እንኳ አልለቀቀም። ደስ አለኝ። በሩ ላይ የቆመችውን የድሮ የፋብሪካውን ሠራተኛ «አከራዩ መለሰላችሁ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ተከራይተነው ነው» አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። «ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ዝናቡ መታህ እኮ!»

እግሬ እምቢ አለኝ።