ስማቸው በፌንቢ ሜዳ ያልተጠራው የአቶ ኖሪስ ፒንፎልድ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ኀዘንተኞች፤ ዜና ሕይወት ሲነበብ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ተብሎ እንደሚጀመር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአቶ ኖሪስ ፒንፎልድ ዜና ሕይወት እንዲህ ሊጀመር አይችልም፤ በዚህም ምክንያት ትናንት ከወዲያም ከወዲህም «ልደታቸውን ዝለሉትና ከጋብቻቸው ጀምሩ፣ ለቤተ ሰቡም ክብር ይሻላል» የሚል ምክር ደርሶናል። መካሪዎቻችንን እናመሰግናለን፤ ምክራቸውን ግን አልተቀበልንም። ሟቹ ራሳቸው በታመሙበት አልጋ ላይ ሆነው ለልጃቸው ለጁዲት «ስታነቡልኝ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ እኔ ያላፈርኩበትን እናንተ እንዳታፍሩበት» ብለው አዝዘዋልና፣ ይህን የማነብላችሁ እኔ፣ የባለቤታቸው የወይዘሮ ሒልዳ ታናሽ ወንድም አሌክ ዳውስ፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

አቶ ኖሪስ ፒንፎልድ በጦርነቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በበረዶ ወራት፣ በዚህ በፌንቢ ከተማ ፒንፎልድ በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ በፖም ሣጥን ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው እንደ ተኙ ወተት አዳዩ አገኛቸው። አባታቸው አይታወቁም። እናታቸው አይታወቁም። የተወለዱበትም ቀን አይታወቅም። ኖሪስ የወተት አዳዩ ስም ሲሆን ፒንፎልድ ደግሞ የመንገዱ ስም ነው። በሕፃናት ማሳደጊያ አድገው ለትምህርት በደረሱ ጊዜ፣ ስም ጠሪው መምህር በየጠዋቱ ወደ እርሳቸው ሲደርስ «ይኼ እንኳ የሰው ስም አይደለም፣ የመንገድ ስም ነው» እያለ ክፍሉን ያስቅ ነበር። እንዲህ ያለው ሰውም መምህር ተብሎ ደመወዝ ይከፈለው ነበር።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርታቸውን ፈጽመው በከተማችን የአውቶቡስ ጋራዥ በመኪና አጣቢነት ተቀጠሩ፤ ዕድሜያቸው ሲፈቅድም መንጃ ፈቃድ አውጥተው የገጠሩን መስመር አውቶቡስ እስከ ጡረታቸው ድረስ ነዱ። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ትምህርት ቤት ያላደረሱት፣ ሐኪም ቤት ያላመላለሱት፣ በበረዶ ቀን ከመስመራቸው ወጥተው ከደጁ ያላወረዱት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ማንም እንደማያወጣ አውቃለሁ።

በየጠዋቱ በዚያው አውቶቡስ ወደ ሥራቸው ይሄዱ ከነበሩት ከእኅቴ ከወይዘሮ ሒልዳ ጋር ተዋውቀው ለጋብቻ ጠየቋቸው። አባታችን አቶ አምብሮስ ዳውስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጊደር እንኳ ሲገዙ እናቷን ሳያዩ የማይገዙ ዘር ቆጣሪ ሰው ነበሩ። እጮኛው ከደጃችን ቆመው እየሰሙ፣ «ውሻ ስገዛ እንኳ የየት ዘር ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ልጄን ከየት እንደመጣ ለማይታወቅ ልስጥ እንዴ?» አሉ። ወይዘሮ ሒልዳ ኮታቸውን ከመስቀያው አንሥተው «አባዬ፣ እኔ ጊደር አይደለሁም፤ እሱም ውሻ አይደለም። ደኅና እደር» ብለው ወጡ፤ ሠርጉም ያለ አባታችን ሆነ። ዓመታት አልፈው አባታችን መንዳት ሲያቅታቸው በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ያመላለሷቸው እኒያው «የማይታወቁት» ሰው ነበሩ። አባታችን ሲሞቱ አሮጌ መኪናቸውን ለአማቻቸው አወረሱ፤ ይቅርታ ግን እስከ መጨረሻው አልጠየቁም። አባቴም ቢሆኑ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ከወይዘሮ ሒልዳ አንዲት ሴት ልጅ፣ ጁዲትን ወለዱ። ጁዲት አድጋ ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው ቀለል ያለ ነገር ቢያምረው አይፈረድበትምና፣ አቶ ኖሪስ ክፍሎቹ ተገዝተው በቤት የሚገጣጠም መኪና ለመሥራት ቆረጡ። ቅዳሜና እሑድ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚሄዱበት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ የፌንቢ የመኪና ማኅበር በቀድሞው የጦር አውሮፕላን ሜዳ ሰዓት እየያዘ በሚያስሮጥበት ቀን የሚሮጡበት እንዲሆን ነበር ሐሳባቸው። ቆረጡ እንጂ ቶሎ አልመረጡም፤ በየዓመቱ የመኪና ሠሪዎች ትርኢት ሲከፈት ዳቦና አይብ ቋጥረው ሄደው ባዶ እጃቸውን ስለሚመለሱ፣ ወይዘሮ ሒልዳ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

አንዱ ሻጭ የታወቀ የአሜሪካ የእሽቅድምድም መኪና አስመስሎ የሠራውን የፋይበር ገላ አሳይቶ «ዓርማውንም አብረን እንሰጣለን፤ ከዋናው ማንም አይለየውም» ሲላቸው፣ አቶ ኖሪስ ኮፈኑን መታ መታ አድርገው «ወንድሜ፣ ስም የሌለው ነገር እኔን አያስፈራኝም፤ የሰው ስም ለጥፎ መዞር ግን አይሆንልኝም» ብለው አለፉ። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ በሣጥን የሚመጣ አዲስ መኪና ነበር። ይህን እንዲገዙ የወተወቷቸው አቶ ጀርቪስ ኮልቢ ናቸው፤ በልጅነታቸው በአቶ ኖሪስ አውቶቡስ ትምህርት ቤት የተመላለሱ፣ ያን ጊዜ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ በኋላም እስከ ዛሬ ሊቀ መንበሩ የሆኑ።

«ስሙኝ፣ አቶ ኖሪስ፤ ይኼ ከሞተሩ እስከ ብሎኑ አዲስ ስለሆነ ታርጋውም አዲስ ይሆንልዎታል። ከየቦታው ለቃቅመው ከሠሩ ግን ኪው በሚባለው ፊደል የሚጀምር ታርጋ ነው የሚሰጥዎት። ኪው ማለት ደግሞ ምንጩ አይታወቅም ማለት ነው። ነገ ማን ይገዛዎታል?»

«ማን ይሸጣል ብሎህ ነው?» አሉ አቶ ኖሪስ።

ወይዘሮ ሒልዳ ያንን አዲስ መኪና ገብተው ሞከሩት፤ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ውስጡ የጠበበ ስለነበር ሁለት ሰዎች በብብታቸው ይዘው አወጧቸው። «ይኼ የአይጥ ወጥመድ ነው እንጂ መኪና አይደለም! እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፣ የወጣሁት ግን በጸሎት ነው» ብለው ትርኢቱን አሣቁት። ከዚያ ጥግ ላይ አንድ ሠሪ፣ ጣራም በርም የሌለው፣ ከቱቦ ብረት የተበየደ ሻንሲና ጥቂት ላሜራ ብቻ ይዞ ቆሞ አገኙ። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ለሜዳው ይስማማል፤ ጎኑ ዝቅ ያለ ስለሆነም ወይዘሮ ሒልዳ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያለ ረዳት ገብተው ያለ ረዳት ወጡ። አቶ ኖሪስ «ምን ዓይነት ሞተር ይቀበላል?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሠሪው «ያመጡለትን ሁሉ» አላቸው። ሻንሲውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ከየትም የመጣውን የሚቀበል ከሆነ ለእኛ ቤት ይስማማል» አሉ፤ የዓመታቱም ምርጫ በዚህ አለቀ።

ሞተሩ የከተማችን አዋላጅ ቦይ ውስጥ ከከተቷት መኪና ነው። ካምቢዮው ከዳቦ ጋጋሪው፣ ጡሩምባው ጡረታ ከወጣው አውቶቡሳቸው፣ የኋላ አክሱ ከነዲፈሬንሻሉ ከአባታችን መኪና ነው፤ ልጃቸውን አልሰጥም ያሉት አባታችን የኋላ ጎማ ማዞሪያቸውን ሰጡ። እንግዲህ እያንዳንዱ ብሎኗ የማን እንደነበረ ፌንቢ በሙሉ የሚያውቃትን መኪና ነው «ምንጯ ያልታወቀ» ያሏት! ኪው የሰጣትን የመንግሥት መርማሪ አንወቅስም፤ ከብዙ መኪና ለተውጣጣ ይህን ስጥ ይላል ሕጉ፣ ሰጠ። አቶ ኖሪስም ታርጋዋን በገዛ እጃቸው አሰሩላት፤ ጁዲት ስትቆጣም «ምን ያበሳጭሻል ልጄ? እኔና እሷ እኮ ዘመዳሞች ሆንን» አሏት። የፌንቢ የመኪና ማኅበር ያደረገውን ግን ያዘዘው ሕግ አልነበረም።

በማኅበሩ ልማድ የሩጫው ቀን ሲያበቃ ሁሉም ሻይውን ይዞ በአሮጌው የአውሮፕላን መጠለያ ይሰበሰባል፤ ሊቀ መንበሩም ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ድረስ የሁሉንም ስም ጮኽ ብሎ ይጠራል፤ የተጠራውም ይነሣል፣ ይጨበጨብለታል፣ ለመጨረሻው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይጨበጨብለታል። አቶ ኖሪስ መኪናቸውን ይዘው በመጡበት ዓመት አንድ አዲስ ደንብ ወጣ፤ የኪው ታርጋ ያለው ይምጣ፣ መዋጮውን ይክፈል፣ ይሩጥ፣ ነገር ግን ውድድሩ ምንጫቸው ለታወቀ መኪናዎች ስለሆነ ስሙ አይጠራ የሚል። በዚያ ዓመት ከእርሳቸው በቀር ኪው የያዘ ሰው አልነበረም። ደንብ ይሉታል! እኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ሌላ ስም አለው፤ በጸሎት ቤት ስለሆንን አልጠራውም።

አቶ ኖሪስ ግን መሄዳቸውን አላቆሙም። ከሃያ ዓመት በላይ፣ ጸደይም መከርም፣ ሮጠው ሲያበቁ ሻያቸውን ይዘው ይቀመጡና የሌላው ሁሉ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ያጨበጭቡ ነበር። ወይዘሮ ሒልዳ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ልሁን ብለህ ነው የምትመላለሰው?» ሲሏቸው «አንድ ቀን ተሳስተው ይጠሩኛል» ብለው ይስቁ ነበር። ይስቁ እንጂ የሚመኙት ይህንኑ ነበር።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ እኛ ግን አናስረዝምም። አቶ ኖሪስ ፈጣን አልነበሩም፤ አውቶቡስ የለመደ ሰው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የቆመ ተሳፋሪ እንዳይወድቅ ያስባልና ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ከሚቀሩት ጋር ነበሩ። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመከሩ ሩጫ፣ ሜዳው ዝናብ በዝናብ ሆኖ ባለ ትልልቅ ሞተሮቹ ወጣቶች ወደ ሣሩ እየተንሸራተቱ ሲወጡ፣ አቶ ኖሪስ እንደ ትምህርት ቤት መስመራቸው ረጋ ብለው ነድተው አራተኛ ወጡ፤ ይህን የነገረን ሰዓት ያዡ ራሱ ነው። ሊቀ መንበሩ ሦስተኛውን ጠርተው «አራተኛ» ብለው የሌላ ሰው ስም ሲያስከትሉ ጁዲት ብድግ አለች።

«አራተኛው አባቴ ነው!»

«ጁዲት፣ ደንቡን ታውቂያለሽ እኮ» አሉ አቶ ጀርቪስ።

«ደንቡንማ ድሮም አውቀዋለሁ፤ እርስዎን ነው ገና ዛሬ ያወቅሁዎት!»

አቶ ኖሪስ እጅጌዋን ሳብ አድርገው «ተቀመጪ ልጄ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» አሏት፤ አራተኛ ተብሎ ለተጠራውም ሰው አጨበጨቡለት። ወይዘሮ ሒልዳ እንደነገሩን፣ በዚያው ምሽት ሾርባቸውን ሲጠጡ ድንገት ማንኪያቸውን አስቀምጠው «አራተኛ እኮ ነኝ፣ ሒልዳ» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሳንባ ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። እግራቸው መኪናዋ ውስጥ መግባት ባቃተው ጊዜ ጋራዡ ውስጥ በርጩማ አስቀምጠው፣ ጁዲት ሞተሩን እያስነሣች ሲሰሙ ይውሉ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህ በሆነ በማግሥቱ አቶ ጀርቪስ ኮልቢ አበባ ይዘው ወደ ሟቹ ቤት መጡና ማኅበሩ በሟቹ ስም የኖሪስ ፒንፎልድ መታሰቢያ ዋንጫ ሊያቋቁም መወሰኑን አስታወቁ። ወይዘሮ ሒልዳ መነጽራቸውን አውልቀው «የኖሪስ መኪና መጥታ ብትሮጥስ ዋንጫውን ልታገኝ ትችላለች?» ብለው ጠየቁ። አቶ ጀርቪስ «ለጊዜው እንኳን… ደንቡ…» አሉ።

«እንግዲያው ዋንጫህን ውሰድና ሽንኩርት ትከልበት! አንተ ልጅ፣ ምሳህን አውቶቡስ ውስጥ በረሳህ ቁጥር ከእናትህ ደጅ ድረስ ሲያመጣልህ፣ ኖሪስ የማን ልጅ ነህ ብሎ ጠይቆህ ያውቃል?»

የሞተን ሰው ስም ዋንጫ ላይ ለመቅረጽ ያልከበደ፣ በሕይወት ሳለ በአፍ ለመጥራት እንዴት ከበደ? አቶ ጀርቪስ ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ መምጣታቸው ደግ ነው። ዋንጫ አንፈልግም። በሚመጣው ጸደይ ጁዲት መኪናዋን ይዛ ወደ ሜዳው ትሄዳለች፤ የመጨረሻ እንኳ ብትወጣ ስሟን ይጥሩ፣ ይበቃናል።

አቶ ኖሪስ ፒንፎልድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሒልዳን፣ ልጃቸውን ጁዲትን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እንደ ታናሽ ወንድም ያዩኝን አማቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ልጃቸው እየነዳች ከሬሳቸው ፊት ያመጣቻትን መኪና ትተው አልፈዋል። ወረቀቱ የሥጋ ዘመድ የላቸውም ይላል፤ ወረቀቱ ግን ይህን ጸሎት ቤት ሞልታችሁ በዝናብ ከደጅ የቆማችሁትን አላያችሁም። ከየት መጣህ ሳይል የሚቀበል አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር በዕረፍት ያኑርልን፤ ለወይዘሮ ሒልዳና ለጁዲትም መጽናናቱን ይስጥልን።

ከመቀመጤ በፊት በፌንቢ ሜዳ ሳይነበብ የቀረ አንድ ነገር አለ፤ እሱን አንብቤ አበቃለሁ። በልማዱ ስሙ የተጠራ ሰው ይነሣል፤ እርሳቸው መነሣት አይችሉምና እናንተ ተነሡላቸው።

አራተኛ፣ ኖሪስ ፒንፎልድ።