ከነጠላ ዘርፍ የተመዘዘ ክር

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ ከጅጋ፣ ከቡሬ፣ ከግሽ ዓባይ ድረስ ሥራችሁን ጥላችሁ ለቅሶ የደረሳችሁ ወገኖች፤ በታላቅ እህታቸው በወይዘሮ አይናለም መሐሪ የተጻፈው ይህ የኮማንደር ገነነ መሐሪ ታሪክ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ሟቹ ራሳቸው በአልጋ ላይ ሳሉ ያዘዙት ነውና፣ መጨረሻው ቢያስደነግጣችሁም እስኪያልቅ ትሰሙት ዘንድ ትለመናላችሁ።

ኮማንደር ገነነ ከአባታቸው ከአቶ መሐሪ ገደፋውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገሬ ሃይለ ሚካኤል ከጅጋ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ልጅ ሳሉ በግ ጠፋ በተባለ ቁጥር የሌባውን ጸባይ ገምተው ይናገሩ ስለነበር፣ አባታቸው "አንተ ልጅ፣ ሰው ገና ሳይሰርቅ ታውቅበታለህ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በጅጋና በፍኖተ ሰላም ከፈጸሙ በኋላ ፖሊስ ሆነው የወንጀል ምርመራ ተማሩ፤ ወይዘሮ ያምሮት ውዳሴንም በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ቴዎድሮስንና ቤቴልን አፈሩ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ረጅም ዘመን ሲያገለግሉ ጉቦ የማያውቁ፣ ተጠርጣሪን የማይመቱ ሰው እንደነበሩ እርሳቸው ያሰሯቸው ሰዎች እንኳ ይመሰክራሉ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ተልከው ፕሮፋይሊንግ የሚባለውን ሙያ፣ ማለትም ያልታየን ገዳይ ከሥራው ተነስቶ ዕድሜውን፣ ጸባዩንና አኗኗሩን መገመትን ተምረው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሴቶች በየእግር መንገዱ ታንቀው ይገኙ ጀመር። ፊታቸው በነጠላቸው ተሸፍኖ፣ የእግራቸው አውራ ጣቶች በክር አንድ ላይ ታስረው ይገኙ ነበር። በዚያ ዘመን እናቶች ገበያ መውጣት ትተው ነበር፤ የወጡትም ተያይዘው፣ ኋላቸውን እያዩ ይመለሱ ነበር።

ኮማንደር ገነነ ማሰር ሰውን አስገብሮ የመግዛት ምኞት ምልክት መሆኑን በውጭ አገር መጻሕፍት አንብበው ነበርና፣ ገዳዩ ወንድ፣ ብቸኛ፣ መጤ፣ ሴት የሚፈራ፣ ከሰው የማይቀላቀል፣ የገደላትንም ሬሳ ማየት ስለማይችል ቀብር የማይደርስ ነው ብለው ደመደሙ። ይህንኑ በሬዲዮ ተናገሩ፣ በመጽሐፍም ጻፉ። እውነተኛውን ገዳይ ከሐሰተኛ ተናዛዥ የሚለዩበትን አንድ ነገር ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ፤ እርሱም ክሩ ሁልጊዜ ከሟቿ ከራሷ ነጠላ ዘርፍ የተመዘዘ መሆኑ ነበር።

መጽሐፉ እጅ በእጅ ተሸጠ። በሩን ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ የሌላ ሰው እናት እንዴት እንደታነቀች ማንበብ የሚጣፍጠው አንባቢ በዓለም ሁሉ ሞልቷል፤ ገዳዩ ከእርሱ የማይመሳሰል ፍጡር ሆኖ ሲሳልለት ደግሞ እፎይ ብሎ ይተኛል። ከሩቅ ከተማ እየመጡ ሴቶቹ በወደቁበት ቦታ ፎቶግራፍ የተነሱ ነበሩ። የፍኖተ ሰላም ወጣቶችም ኮማንደሩን መንገድ ላይ እያስቆሙ "ጋሼ ገነነ፣ እስቲ እኔን ይዩኝ፣ የነፍሰ ገዳይ ፊት አለኝ?" እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ እርሳቸውም "አንተማ ዶሮ ማረድ የምትፈራ!" ብለው ያስቁ ነበር።

ገበሬው ግን መጽሐፉን እንደ ቀልድ አልያዘውም። በእኛ አገር ሰው ሠርግ ቢቀር ይታለፋል፤ ቀብር የሚቀር ግን ሰው አይባልም። ላህ በሚባለው ወንዝ ዳር ንብ በማነብ ብቻውን የሚኖር፣ ከቡሬ ማዶ ከአዊ ወገን የመጣ ደረሰ ገብረ ሕይወት የሚባል ሰው ነበር፤ ሙሾ በሰማ ቁጥር የሚጥል ሕመሙ ስለሚነሳበት ለቅሶ አይደርስም ነበር። "ማነው ቀብር የማይመጣ? ማነው መጤ?" ተባለ፤ ሁሉም አንድ ስም ጠራ። ኮማንደሩ ሰምተው እስኪደርሱ ደረሰ በዱላ ተቀጥቅጦ ሞቶ ነበር። አንባቢም፣ አገሩም ተገላገልን ብሎ አመሰገናቸው፤ እርሳቸውም፣ እውነት ለመናገር፣ ምስጋናውን ተቀበሉ። በተከታዩ የመኸር ወራት ግን ሌላ ሴት በጅጋ መንገድ ላይ ፊቷ ተሸፍኖ፣ አውራ ጣቶቿ ታስረው ተገኘች።

በ2006 ዓ.ም. እናታቸው ወይዘሮ አገሬ በእርጅና አረፉ። ግንዘት የጥቂት አዋቂዎች ሥራ ነው፤ ለትምህርትና ለሥራ ከቤት ርቀው የኖሩት ልጃቸውም የግንዘት ክፍል ገብተው አያውቁም ነበርና፣ እናታቸውን ለመሰናበት ሲገቡ የእግራቸው አውራ ጣቶች አንድ ላይ ታስረው አዩ። ያን ጊዜ ገዳዩ ሴቶቹን ያሰራቸው ሊገዛቸው ሳይሆን ሊገንዛቸው እንደነበር ገባቸው። ቀብር የማይደርስ መጤ ሳይሆን ከየለቅሶው የማይጠፋ፣ ሬሳ ማሰናዳት የሚያውቅ፣ ሁሉ የሚያመሰግነው የአገር ሰው ነበር። ጎንበስ ብለው ክሩን ሲመለከቱት ደግሞ ከእናታቸው ከራሳቸው ነጠላ ዘርፍ የተመዘዘ ሆኖ አገኙት። ማን እንዳሰረው ጠየቁ፤ ገናዦቹ ሴቶች እርስ በርስ ተያይተው "እኛስ ታስሮ ነው ያገኘነው፤ ከእኛ አንዷ ያሰረችው መስሎን" አሉ። በዚያ ክፍል ከእርሳቸው በፊት ወንድ አልገባም ነበርና፣ ወንድ ነው ያሉት እንኳ ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠራጠራቸው።

ከዚያ ወዲህ ኮማንደሩ አንድም ቀብር ሳይቀሩ ኖሩ። ሕዝቡ መንፈሳዊነት መሰለው፤ እርሳቸው ግን የሚያዩት የገናዦችን እጅ ነበር። መጽሐፋቸው ዳግም እንዳይታተም ከለከሉ፤ የንብ አናቢውን የደረሰን እህት ሠርክአዲስን ቤቷ ድረስ ሄደው በጉልበታቸው ተንበርክከው ይቅርታ ለመኑ። ገዳዩን ግን አላገኙም።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ደከመ። የፈሩት ሞትን አልነበረም፤ ያ እጅ እንዲነካቸው አልፈለጉም። ስለዚህ ከልጃቸው ከቴዎድሮስ በቀር ማንም እንዳይገንዛቸው አስማሉ፤ ወይዘሮ ያምሮትም ለዚሁ የሚሆን ክር በገዛ እጃቸው ፈትለው አስቀመጡ። ትናንት ማለዳ በፍኖተ ሰላም ቤታቸው አረፉ። ወይዘሮ ያምሮት ራሳቸውን ስተው ወደ ጓዳ ተወሰዱ፤ ቤቱም በለቀስተኛ ሞላ። ቴዎድሮስ ከቡሬ ደርሶ ክሩን ይዞ ሲገባና አንሶላውን ሲገልጥ፣ የአባቱ አውራ ጣቶች ከራሳቸው ጋቢ ዘርፍ በተመዘዘ ክር ታስረው አገኛቸው። ማን አሰረው ቢል፣ ያለው ሁሉ "ታስሮ ነው ያገኘነው" አለ።

ኮማንደር ገነነ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው አልፈዋል። አስከሬን መሸከም የጎረቤት ወግ መሆኑን እናውቃለን፤ ቅር አይበላችሁ፣ ዛሬ ከሥጋ ዘመዶቻቸው በቀር ማንም ቃሬዛውን አይንካ፤ አፈርም አያልብሳቸው። ያለ በደሉ የተገደለውን የደረሰን ነፍስ፣ በየመንገዱ የወደቁትን እናቶችና እህቶች ነፍስ፣ ቀጥሎም የወንድማችንን የገነነን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ሁላችን አሜን እንበል፤ ያ ክሩን ያሰረው ሰውም አብሮን ይላል።